ለድንኳኑ ያሰብን ለጣራውም እናስብ



እኔ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ፤ ንግግር አላውቅም፤ የደረሰብኝን ብቻ ልናገር። ባለፈው ክረምት የጓዳዬ ግድግዳ ወደቀ። ባንክ መያዣ አምጣ ይላል። የሰፈራችን አብዛኛው ቤት ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት የሆነ የቀበሌ ቤት ነው፤ ለመያዣ አይሆንም። ታዲያ ምን ላድርግ? በአራጣ ተበደርኩ። ወለዱን እስከ ዛሬ እከፍላለሁ።

ስሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክልልኛል፤ በቁሜ ግን ዝናብ ይደበድበኛል። ይህ ነገር ደግ ነው ወይ?

ያሰብኩት እንዲህ ነው። የቀብሩ ገንዘብ አይነካ፤ እሱ አደራ ነው። ለብቻው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እናዋጣና የቤት ማደሻ ሣጥን ይኑረን። ተበዳሪው ከአባሎች ሁለት ዋስ ይጥራ፤ ዕዳውን ከወር መዋጮው ጋር እየከፈለ ይጨርስ። ጥሬ ገንዘብ ከምንሰጠው ቆርቆሮና ሚስማር ገዝተን እንስጠው፤ ገንዘብ መንገድ ላይ ይቀራል።

ደግሞም ጭቃ ቤት የሚወድቀው ከታች ነው፤ የቋሚው እግር በእርጥበት ይበሰብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቦዩ ይቆፈር፣ የድንጋይ መሠረቱ ይጠገን፤ ልስኑ ኋላ ይደርሳል። ለቀበሌ ቤት የወረዳው ፈቃድ አስቀድሞ ይያዝ፤ ያለ ፈቃድ ያደስነው ቢፈርስ ዕዳው እኛው ላይ ይቀራል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከእኔ በኋላ ማንም አባል የአራጣ አበዳሪ ደጅ እንዳይጠና ነው ልመናዬ።