ልማት በመዝገብና በጓዳ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በደብረ ታቦር ዙሪያ አንድን አርሶ አደር «አገር አደገች ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን በመቶኛ አያገኘውም። መልሱ የሚጀምረው ከቤቱ ጣራ ነው። ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቶ እንደሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴን የሚያሻግር ገብስ በጎተራው ቀርቶ እንደሆነ፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ሳይሆን በመኪና ሐኪም ቤት የምትደርስ እንደሆነ ይናገራል። የተጠየቀው ስለ አገር ነው፤ የሚመልሰው ስለ ጓዳው ነው።

ይህ የጉና ሥር ገበሬ ጠባይ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ባደረገው «የድሆች ድምፅ» በተባለው ጥናት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ23 አገሮች የሚኖሩ ድሆች ደህና ኑሮ ማለት ምን እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። ገንዘብ ብቻ ብለው አልመለሱም። ጠግቦ ማደርን፣ ጤናን፣ ልጅ ማስተማርን፣ በሰላም ወጥቶ መግባትን፣ በሰው ፊት አለማፈርን፣ ቢሮ ሲሄዱ መደመጥን ጠቀሱ። ማፈር የተባለውን ጋይንት ላይ ማስረዳት አያሻም። ለልቅሶ እንጀራ ይዞ መሄድ ያቃተው ሰው ያውቀዋል። ጋሎፕ የተባለው ድርጅትም ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ሰዎች ከ0 እስከ 10 ባለው የኑሮ መሰላል የት እንደቆሙ እንዲናገሩ ይጠይቃል። መሰላሉ ጥሩ ነው፤ ማን እንደያዘውና ማን እንደነቀነቀው ግን አይናገርም።

ከላይ የታሰበ ሥልጣኔ ከታች ሌላ መልክ እንደሚኖረው ይህ አካባቢ ቀድሞ ያየ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል። መድፉን በገደል የጎተተው ሰው ሥልጣኔውን ያወቀው በትከሻው ነው። በሌላ በኩል በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ለብዙው ሰው ድንቹ ሳይበሰብስ ገበያ የሚደርስበት መንገድ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ግን በሴፍቲኔት ነው። መርሐ ግብሩ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ እንደ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ባሉ ወረዳዎች «ምረቃ» የሚባል ቃል ተለመደ። ሀብቱ ተቆጥሮ ከተወሰነው ልክ ያለፈ ቤተሰብ ተመረቀ ይባላል፣ እርዳታውም ይቆማል። ለጽሕፈት ቤቱ ይህ የልማት ውጤት ነው። ለቤተሰቡ ግን ብዙ ጊዜ ስጋት ነበር። መዝገቡ በጎቹን ያያል፤ በጎቹ የተገዙበትን ዕዳ የሚያየው ባለቤቱ ነው። መመረቅን የሸሸውን ሁሉ ጥገኛ ነው ማለት የቸኮለ ፍርድ ነው። አንድ የጥቅምት በረዶ ገብሱን ቢመታው ወደ ኋላ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ እስከ ጉና በደረሰ ጊዜ፣ ኋላም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት፣ በአሥር ዓመት የተገነባ ነገር በስንት ቀን እንደሚጎዳ ታይቷል። ስለዚህ ገበሬው ልማትን ሲቆጥር ሰላምን ከጎተራው በፊት ቢያስቀምጥ ፖለቲካ አይደለም፣ ሒሳብ ነው።

ወደ ኅብረት ሥራ ስንመጣ ዓመታዊ ሪፖርቶች የአባላትን ብዛት፣ የማዳበሪያውን ኩንታል፣ የትርፍ ክፍፍሉን ይዘረዝራሉ። ይህ መቅረት የለበትም። ነገር ግን አባሉ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ዩሪያው ቡቃያው ሳለ ደረሰ ወይስ ካሸተ በኋላ? የማኅበሩ ሚዛንና የነጋዴው ሚዛን እኩል ያነባሉ? ድንቹ በሚወጣበት ሳምንት ዋጋው ለገበሬው የተነገረው ከደላላው ቀድሞ ነው?

እነዚህን ማወቅ ከባድ ወጪ የለውም። ማዳበሪያው መጋዘን የገባበት ቀን ከኩንታሉ ጎን ሊጻፍ ይችላል። ለጠቅላላ ጉባኤ ከሚመጡት አባላት መካከልም ከየቀበሌው ጥቂቶቹ፣ ሴት አባወራዎች ሳይቀሩ፣ ካምና ዘንድሮ ኑሯቸው ምን እንደመሰለ ቢጠየቁና መልሳቸው ሳይታረም ከሪፖርቱ ጋር ቢነበብ፣ ኃላፊዎቹም ገበሬዎቹም በአንድ አዳራሽ ይሰሙታል።