ስለ መራቀቅ



ለዛሬው በዓል የተመረጠው ነገር መራቀቅ የሚባለው ቃል ነው። ምንጩ ረቂቅ ነው፤ ረቂቅ ማለትም ቀጭን፣ ስውር፣ ዓይን የማያየው እጅም የማይዳስሰው ማለት ነው። ስለዚህ ነፍስና መላእክት ረቂቃን ይባላሉ። ከዚህም ተራቀቀ የሚለው ግስ ወጣ፤ ትርጓሜውም ከላይኛው ነገር ወደ ውስጠኛው ምሥጢር ዘልቆ ገባ ማለት ነው። «እገሌ በቅኔ ተራቀቀ» ቢባል ምስጋና ነው፤ «እገሌ ተራቀቀብን» ቢባል ግን ነቀፋ ነው። «ብን» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ተጨምረው ምስጋናውን ወደ ነቀፋ መለሱት። ይኸውም ዕውቀቱ ለሰው መሆኑ ቀርቶ በሰው ላይ መሆኑን ያስረዳል።

መጠንቀቅስ አይነቀፍም። በግእዝ በንጉሡ ሠ ሠረቀ ቢሉ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሰረቀ ቢሉ ግን የሌባ ሥራ ነው። ፀሓይን ሌባ እንዳያሰኝ ፊደሉን መጠበቅ ይገባል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመውበት ካረፉ በኋላ፣ በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሦስቱም በየተራ የደከሙት ሌላው እንዲያውቅ ነው።

ነውሩ ሌላ ነው። ከዓባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው በዚህ አገር ብዙ ሕፃን ከእናቱ የሚሰማው ጋሞኛ ነው፤ አማርኛን ሁለተኛ፣ ግእዝን ሦስተኛ አድርጎ ይማራል። እንዲህ ያለው ሕፃን ዳዊት ሲደግም ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ቢያነብ፣ መምህሩ አቅንቶ ቢያሳልፈው አስተማረው፤ በጉባኤ መካከል ቢሣለቅበት ግን ተራቀቀበት። በማግሥቱ ሕፃኑ ይቀራል፤ ንባቡ ቀና፣ አንባቢው ጠፋ። ሰባኪም ሕዝቡ የማይሰማውን ግእዝ ሳይተረጕም ቢያበዛ እንዲሁ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ከማይታወቅ ቋንቋ ብዛት ይልቅ ሰሚው የሚያስተውለው ጥቂት ቃል እንዲሻል አስተምሯል።

እንግዲህ ሊቃውንት ይራቀቁ፤ ነገር ግን ረቂቁን አግዝፈው ለሕፃን እንኳ እስኪታይ ያቅርቡት። ኢዮቤልዩ በኦሪት ባሪያ አርነት የሚወጣበት ዓመት ነው፤ በዚህም በዓል ስሕተትን ፈርቶ አንደበቱ የታሰረ ሁሉ ይፈታ።