ጃንጂራ፦ በባሕር መካከል የቆመው የሐበሾች ምሽግ



የዛሬው ንግግሬ በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከሙምባይ በስተደቡብ፣ በሙሩድ ከተማ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ስለሚገኘው የጃንጂራ ምሽግ ነው። ስሙ «ጀዚራ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ «ደሴት» ነው።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። ቅጥሩ የደሴቲቱን ዳርቻ ተከትሎ ከውኃው ጠርዝ ስለሚነሣ፣ ጠላት መሰላል የሚያቆምበት ደረቅ መሬት አያገኝም። ዙሪያውን መድፍ የሚጠመድባቸው ክብ ማማዎች ይጠብቁታል። ዋናው በር በማማዎች መካከል ስለተሸሸገ በጀልባ የሚመጣ ሰው እጅግ እስኪቀርብ ድረስ አያየውም፤ በሌላው ወገን ደግሞ ወደ ባሕሩ የሚያወጣ ትንሽ የማምለጫ በር አለ። በውስጡ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽና መስጊድ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት የምሽጉ ዋና ኃይል መድፎቹ ሳይሆኑ የሚጠጣ ውኃ የሚይዙት ሰፋፊ ኩሬዎቹ ናቸው። በጨው ባሕር ተከብቦ የራሱ ውኃ ያለው ምሽግ በጥም አይማረክም።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። የማራታው ንጉሥ ሺቫጂ ደጋግሞ ሞክሮ አልያዘውም። ልጁ ሳምባጂም በ1682 እ.ኤ.አ. ባሕሩን በድንጋይ ደልድሎ ለመሻገር ጀምሮ ሳይፈጽም ቀረ። ሲዲ ወይም ሐብሺ የሚባሉት የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ገዢዎች ግዛቱን እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ድረስ ይዘው ቆዩ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። «ሐብሺ» የሚለው ስም በሕንድ ከምሥራቅ አፍሪካ ለመጡ ሰዎች ሁሉ ይሰጥ ስለነበር፣ ሲዲዎችን በጅምላ «የእኛ ሰዎች» ማለት አይገባም። ከዚህም በላይ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ሕንድ የሄዱት በባርነት ተሽጠው ነው። በ1548 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢትዮጵያ የተወለደው ማሊክ አምባር የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ለመሆን ቢበቃም፣ ጉዞው የተጀመረው በባሪያ ገበያ ነበር።

ስለዚህ ጃንጂራን ስናነሣ በግንቡ ጽናት ብቻ ብንኮራ የታሪኩን ግማሽ እንሸሽጋለን። እነማን እንደ ነገሡ የሕንድ ታሪክ ይነግረናል። እነማን እንደ ተሸጡ፣ ማን እንደ ሸጣቸው፣ በየትኛው የሲራራ መንገድ ወደ ዘይላና ወደ ምጽዋ እንደ ወረዱ መመርመር ግን የእኛ ፈንታ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ጥያቄ ለእናንተ ትቼ ንግግሬን እፈጽማለሁ።