ፔግ ተናገረች፣ ልጇ ጻፈ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ሐምሌ አየርላንድ የምትኖረውን እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ አንዲት ባዶ ደሴት አይቼ መጣሁ። ታላቋ ብላስኬት ትባላለች፤ በአገሪቱ ምዕራባዊ ጫፍ ናት። ጣሪያቸው የወደቀ የድንጋይ ቤቶችና በጎች አሉ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ሰዎቿ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በእንጨት አጽም ላይ ሸራ ወጥረው፣ ሬንጅ ቀብተው በሚሠሩት ቀላል ጀልባ ባሕር ይወጣሉ። ሴቶቹ ለማገዶ የሚቆረጠውን የረግረግ አፈር ከተራራው በአህያ ያወርዳሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፤ ማሳ ይኮተኩታሉ። ሱቅ የለም፣ ሐኪም የለም፣ ቄስም የለም። ሞልታ በነበረ ጊዜ ወደ 170 ሰው ይኖርባት ነበር።

ፔግ ሴየርስ የተወለደችው ከባሕሩ ማዶ በ1873 ነው። ገና በልጅነቷ በሰው ቤት ተቀጠረች። (እዚህ ላይ ብዙዎቻችን አንገታችንን እንነቀንቃለን፤ እኔም በሰው ቤት ነው ያደግሁት።) አሜሪካ የሄደች ጓደኛዋ የመርከቡን ገንዘብ ልትልክላት ቃል ገብታ ነበር። ጓደኛዋ ግን እጇ ተጎዳና ገንዘቡ ቀረ። ፔግም በ1892 ለደሴቲቱ ሰው ተዳረች። ብዙ ልጆች ወለደች፤ አንዳንዶቹን በሕፃንነታቸው ቀበረች፤ አንዱ ወጣት ልጇ ከገደል ወድቆ ሞተባት። የቀሩት አንድ በአንድ አሜሪካ ገቡ።

ደሴቲቱን ባዶ ያደረጋት ይኸው ነው። ማዕበል አይደለም። ልጃገረዶቹ ሲሄዱ የሚያገባ ወንድ ሚስት አጣ፤ ልጅ ሲጠፋ በ1941 ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ጀልባ የሚቀዝፍ ጉልበት አነሰ። በ1947 መጀመሪያ አንድ ወጣት በማጅራት ገትር ታመመ። ማዕበሉ ሐኪም አላሻግር አለ፤ የስልክ መሣሪያውም አልሠራ አለ፤ ልጁ ሞተ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ራሳቸው ውሰዱን ብለው ለመንግሥት ለመኑ። ስድስት ዓመት ከጠበቁ በኋላ በ1953 ኅዳር ነው የተወሰዱት። የቀሩት 22 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገራችሁ። ፔግ ትምህርት ቤት የተማረችው በእንግሊዝኛ ስለነበር በገዛ ቋንቋዋ፣ በአይሪሽ፣ መጻፍ አትችልም ነበር። ከአሜሪካ የተመለሰው ልጇ ሚሆል እሳት ዳር ተቀምጦ የምትነግረውን ጻፈ። መጽሐፏ በ1936 ታተመ። የአገሩ ተረት ሰብሳቢዎችም መጥተው በመቶ የሚቆጠሩ ተረቶች ከአፏ ቀዱ። በ1942 ደሴቲቱን ለቀቀች፤ በ1958 ዐረፈች። ለብዙ ዓመታት ብዙ የአየርላንድ ተማሪ ያቺን መጽሐፍ ሲያነብ አደገ። ብዙዎቹ ሰልችቷቸው ነበር አሉ፤ ይሁን፣ አንብበዋታል።

እናቴ የሞተችው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ከአገሯ እንዴት እንደ ወጣች፣ የመጀመሪያ ልጇን የት እንደ ቀበረች ስንት ጊዜ ነገረችኝ! እኔ ወጥ እየሠራሁ «እሺ እማዬ» እያልሁ ነበር የሰማኋት። የመንደሩ ስም እንኳ ጠፍቶብኛል።

ስለዚህ የማኅበራችን ታላላቆች፣ ልለምናችሁ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከቡናው በፊት ደብተርና መቅጃ ይዤ በዚህ አዳራሽ እገኛለሁ። መጻፍ የምትችሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። እማማ፣ እርስዎ ከኋላ የሚስቁት፣ መጀመሪያ የምጽፈው የእርስዎን ነው።