ሰብለን ካለቀስንላት በኋላ

የቁጠባውና የብድሩ ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆየንና ዛሬ ስለ ሳቅ እናውራ።

የፍቅር ታሪክ ሲባል እኛ የአምበር ሴቶች ቶሎ የሚመጡብን ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ናቸው። እንዴት አይመጡብን! ሐዲስ ዓለማየሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስም እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታተመ። ፊደል ያልቆጠርነውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተን አልቅሰናል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲያማርጡ ዕድሜዋ ነጎደ፤ የወደደችው ደግሞ የድሃ ልጅ ሆነ። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ።

ለልቅሶ ማን ያህለናል? ለሐዘን ዕድር አለን፣ ድንኳን አለን፣ ንፍሮ የምትቀቅለው ተረኛ እንኳ ትታወቃለች። ባል የሞተባት ሴት ዓመት ሳይሞላት ጥርሷ ከታየ ግን ትታማለች። ከመካከላችን ዓመቱ ካለፈም በኋላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትስቅ አለች።

ስለዚህ በቡና ሰዓታችን ሌላ መጽሐፍ አነበብን፤ የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ»። በዚያው በ1950ዎቹ የተጻፈ አስቂኝ ቲያትር ነው፤ ጥያቄውም ያው የሰብለ ጥያቄ ነው። የባለጸጋ ዘር የሆነ የተማረ ወጣት ገጠር ገብቶ ያስተምራል፤ ከቤት ሠራተኛው ጋር ሊጋባ ሲነሣ ዘመድ ይንጫጫል። እዚህ ግን መሳቂያ የሚሆኑት ዘር ቆጣሪዎቹ ናቸው። ያቺ ነጠላ የምትሸፍነው እኅታችን ሲኒውን አስቀምጣ፣ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። እኛም ዝም ብለን አየናት።

ሁሉም ግን አልሳቀም። አዲስ አበባ በሰው ቤት እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እኅቶቻችን አንድ ነገር ጠየቁ፦ «እሺ ያለችው ወድዳው ነው ወይስ ጌታዋ ስለሆነ?» ንባቡ ቆመ። ቡናው በረካ እስኪደርስ ተከራከርን። ገሚሶቻችን ጋብቻው ደስ አለን፤ እነሱ ግን «መጀመሪያ ደመወዟን ይቁጠርላትና ከዚያ ይጠይቃት» አሉ። በዚህ ደግሞ ሁላችንም ሳቅን። ለእኛ ከቲያትሩ ይበልጥ የጣፈጠን ይህ ነው።

ቀጥለን የዚሁ ደራሲ የሆነውን «ጠልፎ በኪሴ»ን ልናነብ አስበናል። እሱም የሚያስቅ ነው፤ ነገሩ ግን ጠለፋ ነው። በድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይፈርዳል። ከእናቶቻችን መካከል ተጠልፈው የተዳሩ አሉ። ይሳቅበት ወይስ አይሳቅበት የሚለውን እነሱ ይንገሩን ብለናል። መጽሐፉን የምንከፍተው እነሱ ከተናገሩ በኋላ ነው፤ የቡናው ተረኛም ስኳር እንዳትረሳ።