ዶሮና ፍራፍሬ በበጋ ቀን
(ለገበሬ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዶሮ ሲባል ሁላችንም ወዲያው የሚታየን ወጥ ነው። በርበሬና ቅቤ የሌለበት ዶሮ ይበላል ወይ? ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ይበላል። በበጋ፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን፣ የተቀቀለ ዶሮ ቀዝቅዞ ከፍራፍሬ ጋር ሲቀላቀል ቀለል ያለ ጥሩ ምግብ ነው። ሰላጣ ይባላል።

ጥቅሙ ምንድነው? የዶሮ ሥጋ ሰውነት ይገነባል። የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ለዓይን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ይህ ቫይታሚን የጎደለው ልጅ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል፤ ዳፍንት ይይዘዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ወጥ ከምድጃ ወርዶ በትኩሱ ይበላል። ሰላጣ ግን ከእሳት ከወጣ በኋላ በእጅ ይነካል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይበላል። እሳት መልሶ አያየውም። ስለዚህ በጥሬ ዶሮ ላይ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ወደ ፍራፍሬው ከተላለፉ የሚገድላቸው የለም። ተቅማጥና ትውከት ያመጣሉ። በተቅማጥ ደግሞ ቶሎ የሚጎዳው ሕፃን ልጅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1ኛ፦ ጥሬ ዶሮ የቆረጣችሁበትን ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳታጥቡ ፍራፍሬ አትቁረጡበት። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ዶሮን በሎሚና በጨው ማጠብ ሽታውን ያጠፋል እንጂ ጀርሙን አይጨርስም። ጀርሙን የሚገድለው እሳት ነው።

2ኛ፦ ዶሮውን በውኃ፣ በጨውና በጥቂት ሽንኩርት ቀቅሉ። ሥጋው ከአጥንቱ እስኪለቅ፣ ውስጡም ቀይ ሆኖ እስከማይታይ ድረስ ይብሰል። በደጋ አገር ውኃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ስለሆነ፣ ከቆላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀቀል።

3ኛ፦ ሥጋውን ከአጥንቱ ለዩና በሰፊ ንጹሕ ትሪ ላይ ዘርጉት። ዝንብ እንዳይነካው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት።

4ኛ፦ ማንጎ ወይም ፓፓያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እጠቡ። ልጣችሁ እንደ ሥጋው አነስ አነስ አድርጋችሁ ቁረጡ። ለአንድ ሳህን ሥጋ አንድ ሳህን ፍራፍሬ ይበቃል። የሎሚ ጭማቂ፣ ጥቂት ጨው፣ ከተገኘም ቃሪያ ጨምራችሁ አዋሕዱ። አቮካዶ ያለው ይጨምርበት፤ ያለሰልሰዋል።

5ኛ፦ ዶሮው ከእሳት ከወጣ 2 ሰዓት ሳይሞላው ብሉት። ሙቀት በሚያይልበት ቆላ ደግሞ 1 ሰዓት አይለፈው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሰላጣ አይደርም።

“ዶሮ ውድ ነው፤ የተረፈው እንዴት ይጣላል?” የምትል እናት ትኖራለች። እውነቷን ነው። መፍትሔው ለሰላጣ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማውጣት ነው። ቀሪውን ሥጋ ከነመረቁ እሳት ላይ ተዉትና ወጥ ይሁን።

እንግዲህ ነገሩ ሦስት ነው፤ ንጽሕና፣ በደንብ ማብሰል፣ ቶሎ መብላት። የሰማችሁ ላልሰማ ጎረቤት ንገሩ። ከታመሙ ኋላ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።