በሳጥን ስለ ተቀመጠው የቪዲዮ ካሴት



በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ሠርጉን በቪዲዮ ያስቀረጸ የደብረ ታቦር ሰው፥ ዛሬ ካሴቱን ከልብስ ሳጥን ሥር አኑሮት ይሆናል። በዚያ ካሴት ውስጥ ያረፈች እናት ገና እልል ትላለች።

የካሴቱ ጥብጣብ የማግኔት ዱቄት በሙጫ የተለጠፈበት ፕላስቲክ ነው። ሙጫው እርጥበትን አይችልም፤ የደጋው ክረምት ደግሞ ሻጋታ ያመጣበታል። የሻገተውን ማጫወት ጥብጣቡንም ዴኩንም ስለሚያበላሽ፥ አስቀድሞ በዐዋቂ እጅ ማስጠረግ ይገባል።

ይልቁንም የሚያሳስበው ዴኩ ነው። የመጨረሻው የቪ ኤች ኤስ ዴክ ሠሪ፥ የጃፓኑ ፉናይ፥ ሥራውን ያቆመው በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ነውና፥ ከእንግዲህ የምንጠቀመው በአሮጌዎቹ ብቻ ነው። ደኅና ዴክ ከተገኘ፥ በመለወጫ መሣሪያ አማካይነት ከኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል። ጥድፊያ የለውም፤ የ2 ሰዓት ካሴት 2 ሰዓት ይፈጃል። የሰው ሠርግ ያን ያህል ጊዜ ማየት ቅጣት ነው ቢባል አልከራከርም።

ቅጂው በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ይቀመጥ፤ ፍላሽም ይበላሻልና። ካሴቱም አይጣል። በምስሉ የሚታዩትን ሰዎች የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፥ አብረዋችሁ ይዩትና ስማቸውን አንድ በአንድ አስጽፏቸው።